አመለኛ ስለምንለው ፈረስ

ፈረስ ሲራገጥ፥ ሲናከስ፥ ልጓም አልጎርስም ሲል፥ ወይም ጋላቢውን ጥሎ ሲሮጥ በአገራችን አነጋገር «አመል አወጣ» ይባላል። አነጋገሩ አጭር ነው፤ የሚሰማውም ሁሉ ሌላ ማብራሪያ ሳይፈልግ ወዲያው ይረዳዋል። ዳሩ ግን ቃሉን አቁመን ብንመረምረው ሁለት ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ ወሬ ነው፤ ፈረሱ ይህን ይህን አደረገ ይላል። ሁለተኛው ግን ፍርድ ነው፤ ያደረገውም ክፋት በተፈጥሮው ስላለበት ነው ይላል። ወሬውን በዐይናችን አይተናል፤ ምናልባትም የኮቴው ምልክት በጭናችን ላይ ቀርቶ ይሆናል። ፍርዱን ግን ከየት አመጣነው? ማንን ምስክር አቁመን፥ ማንን ጠይቀን ፈረድን?

«ይህ የባልደራስ ጉዳይ ነው፤ መዝገብ ለሚያገላብጥ ሹምና ጠመኔ ለሚይዝ መምህር ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ የፈረስ ብቻ ሆኖ አይታየንም። የጥያቄው ሥር ይህ ነውና፤ መናገር በማይችል ፍጡር ላይ ሥልጣን ያለው ሰው፥ ያ ፍጡር እንቢ ባለ ጊዜ፥ ከመፍረዱ በፊት የመጠየቅ ግዴታ አለበትን? ፈረስ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጉልበቱ ከእኛ እጅግ የሚበልጥ፥ አንደበት ግን የሌለው በመሆኑ ነው። ውሻ ሲያመው ያለቅሳል፤ ፈረስ ግን ብዙውን ሕመሙን ዝም ብሎ የሚሸከም እንስሳ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ፈረስ ባዕድ አይደለም። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። በአዊ አገር ፈረሰኞች ዛሬም በየዓመቱ በጥር ወር ፈረሶቻቸውን ሸልመው ለበዓል ይወጣሉ። በብዙ ከተሞቻችንም ባጃጅ ከገባ ወዲህ ቁጥሩ እያነሰ ቢሄድም የጋሪ ፈረስ ሰውንና እህልን፥ ጡብንና ሲሚንቶን ሲጎትት ይውላል። ይሁን እንጂ ንጉሡን በፈረሱ ስም የጠራ ሕዝብ ስለ ፈረስ መልክ፥ ስለ ግልቢያውና ስለ ጉግሡ ብዙ ሲናገር፥ ፈረስ ስለ ምን እንደሚያምፅ ግን እምብዛም አልጠየቀም። አመለኛ፥ ደንባራ፥ እልኸኛ፥ ተራጋጭ እያልን ስም አወጣንለት፤ ስሙም መልስ መስሎን ጥያቄውን ዘጋነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የፈረስን አፈጣጠር ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈረስ ሣር በል ነው፤ አራዊት የሚያሳድዱት ሆኖ ሰው ሳያለምደው በፊት ለብዙ ዘመን በሜዳ የኖረ ነው። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ የተተከሉ ስለ ሆኑ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ስፍራና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። ጆሮዎቹም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ወደ ድምፁ ይዞራሉ። ስለዚህ ድምፅ ሳያሰማ ከበስተኋላው የሚቀርብ ሰው ለፈረሱ ሰው አይደለም፤ ምንነቱ ያልታወቀ፥ ምናልባትም ጥፍር ያለው ነገር ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌያችን ለጦረኛው ማሳሰቢያ ሆኖ የተነገረ ቢሆንም ስለ ፈረሱ ጠባይም እውነት ይናገራል። የፈረስ የመጀመሪያ መሣሪያው እግሩ ነው፤ ይኸውም ለመምታት ሳይሆን ለመሸሽ ነው። (ድንጉሎች ስለ ባዝራ እርስ በርሳቸው መዋጋታቸው ሌላ ነገር ነው።) የሚራገጠውና የሚናከሰው አብዛኛውን ጊዜ መሸሽ የተከለከለ እንደ ሆነ ነው። መሸሽን የከለከለው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ገመዱን ያሰረው፥ ጋጣውን የዘጋው፥ ዛቡን የሳበው ሰው ነው። እንግዲህ የፈረስ ጠበኝነት ከምንለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ በሜዳ ያልነበረ፥ በገመዳችን ጫፍ የተወለደ ነው ማለት ነው።

በገመድ ታስሮም ቢሆን ፈረስ በድንገት አይመታም፤ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ከማጅራቱ ጋር ያጣብቃል፤ የአፍንጫው ዙሪያ ይጨማደዳል፤ ጭራውን ደጋግሞ ይወነጭፋል፤ ከኋላ እግሮቹ አንዱን ያነሣል። ይህ ሁሉ «ራቅ በልልኝ» ማለት ነው። ጠባቂው ግን ይህን ድፍረት አድርጎ ይቈጥርና አፉን በአለንጋ ይመታዋል። ምን ይከተላል? ሕመሙ ወይም ፍርሃቱ ለፈረሱ አልቀረለትም፤ የተማረው ነገር ጆሮ ማጠፍ እንደሚያስመታ ብቻ ነው። ስለዚህ ጆሮውን ሳያጥፍ ይታገሣል፤ ሁለተኛም ይታገሣል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ዕለት ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ የጠባቂውን ክንድ ይይዛል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ይህስ ተንኰለኛ ነው፤ አድብቶ ነው የነከሰው» ይላል። አድብቶ የነከሰው ግን ማስጠንቀቂያውን በአለንጋ ስለ ወሰዱበት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ፈረስ የሚያስፈራራው አይደለም፤ ማስፈራራት የተከለከለው ነው። ከመጨረሻው ወንበር የሚቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ የሚያውቅ መምህር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የተጻፈው የበለዓም አህያ ታሪክ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው ነው። አህያይቱ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ በመንገዱ ላይ ቆሞ ስላየች መጀመሪያ ወደ እርሻ ገባች፤ ተመታች። ቀጥሎ በወይን ቦታዎች መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ከግንቡ ተጠግታ የጌታዋን እግር አጣበቀች፤ ተመታች። በሦስተኛው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ማለፊያ ስላጣች ከበታቹ ተኛች፤ አሁንም ተመታች። በለዓምም ሰይፍ በእጁ ባለመኖሩ ብቻ ሳይገድላት ቀረ። ከዚህ በኋላ አንደበቷ እንደ ተከፈተ ተጽፏል። እኛ በዚህ ታሪክ የምናደንቀው መናገሯን ብቻ አይደለም፤ የክርክሯን ብልሃት ነው። መልአክ አይቻለሁ ብላ አልተሟገተችም። ያቀረበችው ማስረጃ የኖረ ጠባይዋን ነው፤ እስከዚያች ዕለት ተቀምጦባት ሲኖር እንዲህ ያለ ነገር አድርጋበት ታውቅ እንደ ሆነ ጌታዋን ጠየቀችው፤ እሱም እንዳላደረገች መሰከረላት። በራሱ አፍ የሰጠው ይህ ምስክርነት ከመጀመሪያው ዱላ በፊት ሊመጣ ይችል ነበር። መልአኩን ለማየት ነቢይ መሆን ያስፈልግ ይሆናል፤ ለብዙ ዓመት ያልሄደችበትን መንገድ ዛሬ ስለ ምን ሄደች ብሎ ለመጠየቅ ግን ባለአህያ መሆን ይበቃ ነበር።

ለፈረስም እንዲሁ ነው። ዐሥር ዓመት በጸጥታ ሲጫን ኖሮ አንድ ቀን ኮርቻ ሲያይ የሚናከስ ፈረስ ጠባዩን ስለ ለወጠ ሳይሆን ከጠባዩ በስተኋላ አንድ ነገር ስለ ተለወጠበት ነው። ያም ነገር ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል፤ ጥርሱም እያደገ በማኘክ ይሞረዳል እንጂ ባለበት አይቆምም። ከዚህ የተነሣ የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች በውጭ በኩል፥ የታችኞቹ ደግሞ በውስጥ በኩል እየሾሉ ጕንጩንና ምላሱን ይቈርጡታል። በቈሰለው አፍ ላይ ብረት ልጓም ገብቶ ሲሳብ ራሱን ወደ ላይ የሚወረውር ፈረስ ጥጋበኛ ይባላል። ጀርባውም እንዲሁ ነው። ገጣባ የወጣበት ፈረስ ቍስሉ ግልጥ ስለ ሆነ ቢያንስ የሚያዝንለት ይገኛል፤ ኮርቻው አጥንቱን ተጭኖ ቆዳው ግን ያልተላጠ ፈረስ የሚያዝንለት የለውም። የሆዱ ነገር ደግሞ ከሁሉ የተሰወረ ነው። ፈረስ በሜዳ ሲኖር ከሃያ አራቱ ሰዓት ከ12 እስከ 18 የሚሆነውን ሲግጥ ያሳልፋል፤ የጨጓራው አሲድም ቢበላም ባይበላም ሳያቋርጥ ይመነጫል። እኛ ግን ጧትና ማታ ገብስና ፉርሽካ ሰጥተን በመካከሉ ያለውን ረጅም ሰዓት ባዶ ሆዱን እናቆመዋለን። ጨጓራው ሲቈስል ከሆዱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ሊያጠብቅ የመጣውን ሰው ቢናከስ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ የአዛኝ ሰዎች ግምት ብቻ እንዳይመስል የዘመኑ ሊቃውንት የደረሱበትን እንጥቀስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የፈረስን ሕመም ከፊቱ ለማንበብ የሚያስችሉ ስድስት ምልክቶችን ለይቷል፤ እነርሱም ወደ ኋላ ደርቆ የቀረ ጆሮ፥ የጠበበ ዐይን፥ ከዐይን በላይ የተወጠረ ሥጋ፥ የደነደነ የመንጋጋ ጡንቻ፥ የተጨመደደ አፍና የተወጠረ አፍንጫ ናቸው። እንግሊዛዊቱ የፈረስ ሐኪም ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2018 ባወጡት ጥናት በጋላቢ ሥር ያለ ፈረስ የሚያሳያቸውን 24 ምልክቶች ዘርዝረው፥ ከነዚህ ውስጥ 8 ወይም ከዚያ በላይ የታየበት ፈረስ የአጥንት፥ የመገጣጠሚያ ወይም የጡንቻ ሕመም ሳይኖርበት እንደማይቀር አስረድተዋል። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው የሚያስገርመው ነገር አለ። ጆሮ ማጠፍ፥ አፍ መክፈት፥ ጭራ መወንጨፍ፥ አልሄድም ብሎ መቆም፥ በኋላ እግር መነሣት፤ እነዚህ ሁሉ ባለፈረሶች በየአገሩ ለዘመናት አመል ሲሏቸው የኖሩ ናቸው።

ሕመም የሌለበትም ፈረስ ያምፃል፤ ይህም ከፍርሃት የሚመጣ ነው። የታላቁ እስክንድርን ፈረስ የቡከፋሎስን ታሪክ ፕሉታርክ ጽፎታል። ተሰሎንቄያዊው ሳይሆን ቴሳልያዊው ነጋዴ ፊሎኒቆስ ፈረሱን በ13 መክሊት ለንጉሥ ፊልጶስ ሊሸጥ አመጣው። ፈረሱ ግን የሚቀርበውን ሁሉ እየተነሣ አላስቀምጥም አለ፤ ንጉሡም ተቈጥቶ ውሰዱት አለ። ገና ልጅ የነበረው እስክንድር ፈረሱ የሚደነብረው ከፊቱ የሚንቀሳቀሰውን የራሱን ጥላ እያየ መሆኑን አስተዋለ፤ ልጓሙን ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ጥቂት አሻሸውና ዘሎ ተቀመጠበት። ፕሉታርክ የጻፈው ነገሩ ሆነ ከተባለ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ስለ ሆነ ታሪኩ ምን ያህል ተውቦ እንደ ደረሰው አይታወቅም። በየትምህርት ቤቱም የሚነገረው የልጁን ጀግንነት ለማሳየት ነው። ለእኛ ግን የታሪኩ ፍሬ ከጀግንነቱ በፊት ያለችው ያች አፍታ ናት። በሜዳው የተሰበሰቡት ሁሉ ሞኞች አልነበሩም፤ ፈረስ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ፈረሱን ይመለከቱ ነበር፤ ልጁ ግን ፈረሱ የሚመለከተውን ተመለከተ። ቡከፋሎስም በ326 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሕንድ ምድር እስኪሞት ድረስ ጌታውን አገልግሏል፤ እስክንድርም በስሙ ከተማ ቈርቁሮለታል።

ከእስክንድር ጥቂት ቀደም ብሎ የኖረው አቴናዊው የጦር ሰው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቍጣ መቅረብ እንደማይገባ ያስተምራል። ምክንያቱም የጠለቀ ነው፤ ፈረስ ከሚፈራው ነገር ፊት ቢመታ ሕመሙ ከዚያው ከሚፈራው ነገር የመጣበት ይመስለዋልና ፍርሃቱ በእጥፍ ይጨምራል። እኛም «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» እንላለን። የደነበረን ፈረስ የሚገርፍ ሰው ቃጭሉን የሚያንጠለጥል እርሱ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰው ራሱ አስተማሪ ሆኖ የሚገኝበት ነው። ፈረስ ከተመታበት ጊዜ ይልቅ ከተተወበት ጊዜ ይማራል። በተረከዝ ተጫን፤ ሲራመድ ተረከዝህን አንሣ፤ መራመድ እንደሚያሳርፍ ይገባዋል። ግልቢያ የሚባለው ጥበብ አብዛኛው በዚህ ላይ የቆመ ነው። ይህ ሕግ ግን ለመልካሙም ለክፉውም እኩል ይሠራል። ፈረሱ በኋላ እግሩ ሲቆም ጋላቢው ደንግጦ ቢወርድና ወደ ጋጣው ቢመልሰው፥ መቆም ከሥራ እንደሚያሳርፍ አስተማረው። ኮርቻ የያዘው ልጅ ፈረሱ ሲናከስ ወደ ኋላ ቢሸሽ፥ መንከስ ኮርቻን እንደሚያርቅ አስተማረው። ደግሞም እኩለ ቀን ላይ ጋላቢውን የጣለ ፈረስ ማታ በጋጣው ታስሮ ቢገረፍ፥ ግርፋቱን ከእኩለ ቀኑ ጥፋት ጋር የሚያያይዝበት አእምሮ የለውም፤ የሚያውቀው ማታ ማታ ሰው ሲመጣ እንደሚያመው ነው። ከዚያ በኋላ ማታ የገባውን ሰው ሁሉ ቢራገጥ አዲስ አመል አወጣ ይባላል።

ፈረስ እኛን የሚያይበት ዐይን ምን ያህል ስል እንደ ሆነ በበርሊን የታየው ነገር ያስረዳል። ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባሉ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር «ብልሁ ሃንስ» የተባለ ፈረሳቸውን ቍጥር አስተማርሁት ይሉ ነበር፤ ፈረሱም የሚጠየቀውን ሒሳብ መልስ በኮቴው እየመታ ይናገር ነበር። በ1904 የመረመሩት ሰዎች ማታለል አላገኙበትም። በ1907 ግን ኦስካር ፕፉንግስት ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ካልቻለ መልሱ እንደሚጠፋ አሳየ። ቍጥሩ ልክ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን እጅግ በጥቂቱ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ፈረሱም ያን አይቶ ኮቴውን ያቆም ነበር። ሃንስ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ያወቀው ሰውን ነው። በ2016 የታተመ የእንግሊዞች ጥናትም ፈረሶች የተቈጣ ሰው ፊት በሥዕል እንኳ ሲያዩ የልባቸው ምት በፍጥነት እንደሚጨምር አመልክቷል። ስለዚህ «ምንም ሳላደርገው ተራገጠ» የሚለው ሰው እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ በእጁ ምንም አላደረገም። ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቍጣ ግን ፈረሱ ከትከሻውና ከአረማመዱ አንብቦታል።

እንግዲህ በዓለም ላይ ክፉ ፈረስ የለም ልንል ነውን? እንዲህ ብለን አንደመድምም። ከተፈጥሮው ፈጥኖ የሚደነግጥ አለ፤ በጠባዩ የቀዘቀዘም አለ፤ ይህም በከፊል ከአባትና ከእናት የሚወረስ ነው። ቀደም ብሎ በተፈጸመበት ነገር እስከ መጨረሻው የተበላሸ፥ ሰው የገደለ ወይም ሊገድል የሚችል ፈረስም አለ። ለእንዲህ ያለው ምክንያቱን ብናውቅለት አጥሩን አናነሣለትም። ሁለት ቃላትን መለየት የሚያስፈልገውም በዚህ ነው፤ አደገኛ መሆንና ጥፋተኛ መሆን አንድ አይደሉም። ጎርፍ አደገኛ ነው፤ ጥፋተኛ ግን አይባልም። ፈረስ ከጎርፍ የሚለየው የሚያመውና የሚፈራ በመሆኑ ነው፤ ይህም ጥፋተኛ አያደርገውም፤ የምናደርግበትን እንድንጠነቀቅ ያደርገናል እንጂ። አደገኛን መከልከል ይገባል፤ ማሰር፥ መለየት፥ የባሰበትም እንደ ሆነ ሳይሠቃይ እንዲሞት ማድረግ ይገባ ይሆናል። መቅጣት ግን ጥፋትን የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ጥፋትም ክፉና ደጉን ለይቶ ክፉውን መምረጥን ይጠይቃል። በፈረንሳይ አገር በፋሌዝ ከተማ በ1386 ሕፃን የገደለች እሪያ በዳኛ ተፈርዶባት በአደባባይ ተሰቅላለች። ዛሬ ይህን ስናነብ እንስቃለን፤ ነገር ግን ፈረሱን «ይበለው፥ ያውቅበታል» እያለ የሚገርፍ ሰው የሚያስችለው ያው የፋሌዝ ችሎት ነው፤ ልዩነቱ የዚያኛው ዳኛ ቢያንስ ምስክር መስማቱ ነው።

ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የደነገገው ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ቀድሞም ተዋጊ ከነበረ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ባለቤቱም ይጠየቃል። ፍርዱን ከእንስሳው ወደ ሰውየው ያሻገረው ምን እንደ ሆነ እናስተውል፤ ማወቁ ነው። እንግዲህ አመለኛ የሚለው ስም ለባለቤቱ መከላከያ ሊሆነው አይችልም። «አመለኛ መሆኑን አውቅ ነበር» ያለ ሰው ያን ጊዜ በራሱ ላይ መሰከረ።

በሌላ በኩል ፈረስን ለመረዳት የሚጥሩ ሰዎች የሚወድቁበት ጕድጓድም አለ። ከራሳቸው ልብ እየቀዱ ፈረሱ ቀና፥ ቂም ያዘ፥ ተበቀለ ይላሉ። ይህ ደግ ቢመስልም አመለኛ ከማለት የሚለየው በቃናው ብቻ ነው፤ አሁንም ጥርሱን አላዩለትም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የጋሪ ነጂውን ረስተን አይደለም። መመርመር ጊዜና ገንዘብ ላለው ሰው የተፈቀደ ምቾት ነው ቢለን ምን እንመልስለታለን? ብዙዎቹ ነጂዎች ፈረሱም ጋሪውም የራሳቸው አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክቡት ገንዘብ አለባቸው፤ ከዚያ የተረፈው ነው ወደ ቤታቸው የሚገባው። ፈረሱ ዛሬ ካልሠራ ዛሬ የሚበላ የለም። ስለዚህ ፈረሱ ዳገት ላይ ሲቆም ነጂው ጅራፉን የሚያነሣው ክፉ ሰው ስለ ሆነ ነው ብንል፥ ፈረሱን አመለኛ ነው ያልነውን ስሕተት በነጂው ላይ ደገምነው ማለት ነው።

ከነጂው በስተኋላ ደግሞ የተቀመጡ አሉ። በጋሪው ላይ ከአቅሙ በላይ የተጫኑት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ብንመለከት ለቢሮ የረፈደበት ጸሐፊ፥ ደወል የቀረበበት መምህር፥ ፈተና ያለበት ተማሪ ይገኙባቸዋል። ጸሐፊው አለቃውን ይፈራል፤ አለቃውን ሊቈጣው ስለማይችል «ንዳው እንጂ!» እያለ ነጂውን ይቈጣዋል፤ ነጂውም ተሳፋሪውን ሊመታው ስለማይችል ፈረሱን ይመታዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው ግን ዳውላ አይደለም፤ ያመዋል። ብዙ ዓመት እንዲህ ጎትቶ አቅም ያነሰው ፈረስ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ በከተማ ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። መኖ የሚሰጠው አጥቶ በመንገድ ዳር ይለቀቃል፤ ሌሊት ጅብ ይመጣል።

ፈረሱ ዳገቱ ላይ ቆሟል፤ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ታጥፈዋል። ነጂው ወርዶ ጠፍሩን አላልቶ እጁን ከሥሩ ቢያስገባ፥ የተላጠ ነገር መኖሩን ለማወቅ ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይፈጅበትም። የተላጠም ነገር ቢገኝ አንድ የተጣጠፈ ጨርቅ ለጊዜው ይበቃዋል። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ከላይ የተቀመጠው ሰው ሰዓቱን ያያል። ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ ወርደው በእግራቸው ቢወጡት ዳገቱ ከመቶ እርምጃ አይበልጥም።